የጋሽ ሲራክ ማኅተም

የደጀን ሕይወት በአንድ ገጽ ተኩል ተጠቃለለ። ወልድያ መናኸሪያው አጠገብ ባለች ጠባብ ኮምፒውተር ቤት ውስጥ ሊዲያ የምትባል ፈጣን ልጅ ሲቪውን ስትሠራለት፣ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ምን ሲሠራ እንደኖረ ለራሱም ገረመው። ትምህርት፣ አሥረኛ ክፍል። ሙያ፣ የከባድ መኪና መካኒክ። የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ የሚለው ላይ ሳትጠይቀው «ዋና እና መጽሐፍ ማንበብ» ብላ ሞላችለት። ደጀን ከክረምት ጎርፍ ሌላ ውኃ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። እሷ ግን ለደንበኛ ሁሉ የምትጽፈው እሱኑ ነው፤ በሷ ወረቀት ቢሆን ኳታር የሄዱት የወልድያ ልጆች በሙሉ ዋናተኞች ናቸው።

«ታማኝ፣ ኃላፊነት የሚሰማው፣ በጫና ውስጥ መሥራት የሚችል» እያለች ጻፈች።

«ታማኝ የሚለውን ተይው።»

«ኧረ ባክህ! ታማኝ አይደለሁም የሚል ሰው ማን ይቀጥራል?» አለችና እንዳለ ተወችው።

ሰኔ 2014 ነበር። ጦርነቱ ከወልድያና ከመርሳ ዘወር ካለ ስድስት ወር ሆኖታል፤ ሄደ ብሎ የሚያምን ግን አልነበረም። ሰው ሁሉ አንድ ጆሮውን ወደ ቆቦ አቅጣጫ ጥሎ ነው የሚተኛው። ደጀንም ሳይመለስ በፊት ልውጣ ብሎ ለኳታር ተመዝግቧል። ኤጀንሲው ወረቀቱን ሰኞ ይልካል።

«ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ ድረስ እዚህ ጋ ክፍት ነው። የት ነበርክ?»

«ጦርነት ነበራ።»

«እሱንማ እኛም ነበርን» አለች ሊዲያ፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል። «ለማንኛውም የሥራ ልምድ ደብዳቤ ያስፈልግሃል። መርሳ የሠራህበት ጋራዥ ባለቤት አይጽፉልህም?»

«ሞተዋል።»

«ነፍስ ይማር። እኔ እጽፍልሃለሁ፤ አንተ ማኅተሙን ብቻ ከቤተሰባቸው አስመታ።»

እንዲህ ቀላል ነገር ነው ለሊዲያ። ደጀን ግን የጋራዡ ባለቤት ጋሽ ሲራክ ከሞቱ ወዲህ በዚያ ደጅ አልፎ አያውቅም። ለቅሶ አልደረሰም። የሞቱት እሱ በሌለበት ነው፤ እሱስ ይሁን። ታኅሣሥ ላይ የተበተነው ሰው ሲመለስ ሁሉም እየዞረ ያመለጠውን ለቅሶ ሲደርስ፣ እሱ መርሳ አልወርድም ብሎ ወልድያ ቤት ተከራየ። በመርሳ በኩል ደሴ ሲሄድ እንኳ ከተማዋን እስኪያልፉ ድረስ የተኛ ይመስል ፊቱን በጃኬቱ ይሸፍን ነበር። እንዲህ ነው ያፈረ ሰው፤ ለራሱም እንቅልፍ ይተውናል።

ነገሩ ይህ ነው። ነሐሴ ላይ ወሬው ሲጠና ጋሽ ሲራክ እኛን አውጣን ብለው የጋራዡን ፒካፕ ቁልፍ ሰጡት። እሳቸው የስኳር በሽተኛ ናቸው፤ እግራቸው ቆስሎ መራመድ አይችሉም። ሰባት ዓመት ሙያ ያስተማሩት ልጅ ግን እህት ነበረችው፤ ብርቱካን፣ ከሦስት ልጆቿ ጋር። መኪናዋ ሁሉንም አትችልም። «እነሱን ደሴ ላድርስና ነገ ለእርስዎና ለእትዬ እመጣለሁ» አላቸው። አደረሳቸው። እሱ ግን አልተመለሰም። በኋላ ደሴም ስትያዝ መኪናዋ እዚያው ጠፋች።

ቅዳሜ ጠዋት ደብዳቤውን ፋይል ውስጥ ከትቶ ሚኒባስ ተሳፈረ። ሲሪንቃን ካለፉ በኋላ መርሳ እየቀረበች መጣች። የሚለውን ነገር ደጋግሞ ተለማመደው፤ «እትዬ፣ አንዲት ትንሽ ነገር ላስቸግርዎት ነበር።»

የጋሽ ሲራክ ሚስት እትዬ ጥሩወርቅ ግቢው በር ላይ ሲያዩት ምንም እንዲል አልጠበቁም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደረታቸውን ይዘው ተነሡ።

«ወየው ደጀኔ! ጋሽህን አጣኸው! መጣህለት ልጄ!»

የዘገየ ለቀስተኛ ሲመጣ ለቅሶው እንደገና ይነሣል፤ ወጉ ነው። ደጀን ደግሞ ከነፋይሉ ነው የቆመው። የት ያስቀምጠው? በብብቱ ወሸቀውና አለቀሰ። እንባው እውነተኛ ነበር፤ የበለጠ ያሳፈረውም እሱ ነው። ከልቡ የሚያለቅሰው ሰው ለማኅተም የመጣ ሰው ነው።

ሲረጋጉ ውኃ ሰጡት፣ ቁጭ አሉ። «በብብትህ ምንድነው የያዝከው?» አሉት።

ነገራቸው። ፊታቸው እስኪለወጥ ጠበቀ፤ አልተለወጠም። ጓዳ ገብተው ማኅተሙን አመጡ። «የገቡት ተዋጊዎች ከጋራዡ ቁልፉን፣ ክሪኩን፣ ብሎኑን ሳይቀር ጠርገው ወሰዱ፤ ይችን ግን ማን ይፈልጋታል። በል አንብብልኝ።»

አነበበላቸው። በሙያው የተመሰገነ፣ በጠባዩ የተመሰከረለት፣ በገዛ ፈቃዱ ሥራውን እስከለቀቀበት ጊዜ ድረስ... የቀረውን ዘለለው። እሳቸው ልብም አላሉት፤ ማኅተሙን እፍ እፍ ብለው ጠበቅ አድርገው መቱለት።

«ይስጥህ፤ ጋሽህ ደስ ይለው ነበር» አሉ። «የጎረቤት አይሱዙ ኑ ውጡ ሲለን እንኳ ጋሽህ እንቢ አለ። ‹ደጀን ቀጥሮኛል፤ መጥቶ ሲያጣኝ እኔን ሲፈልግ አንድ ነገር ቢሆንስ?› አለ። ሻንጣውን ታቅፎ በር ላይ ሦስት ቀን ተቀመጠ። ጥቅምት ላይ የስኳር መርፌው አልቆ ሲደክም፣ ‹ልጁ ምን ሆኖ ይሆን?› ይለኛል። መንገድ ተዘግቶበት ነው እንጂ አይቀርም ነበር እያልኩ አጽናናሁት።»

ደጀን ዝም ብሎ መውጣት ይችል ነበር። ወረቀቱ እጁ ላይ ነው፣ ማኅተሙ አልደረቀም።

«አልተዘጋም ነበር» አለ።

«ምኑ?»

«መንገዱ። ሁለት ቀን ክፍት ነበር። ነዳጁም ነበረኝ። ፈርቼ ነው እትዬ። ጠዋት ጠዋት ሞተሩን አስነሣና መልሼ አጠፋዋለሁ።»

እትዬ ጥሩወርቅ ማኅተሙን በነጠላቸው ጫፍ ጠቀለሉት። ደጀን ደብዳቤውን መልሶ ዘረጋላቸው። «ልቅደደው።»

«ምን ያደርግልኛል? ሰባት ዓመት ሠርተሃል፤ እሱ ሐሰት አይደለም። ይዘኸው ሂድ።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«የኔን አስብበታለሁ። የሱን የት አባቴ አምጥቼ ልስጥህ?»

ተነሣ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞሮ፣ «እትዬ፣ ሳልሄድ በፊት እሑድ ልጠይቅዎት እመጣ...» ሲል እጃቸውን አነሡ።

«አትበለኝ!» አሉ። «መምጣቱን ከሆነ ና፤ በሩ ክፍት ነው። እመጣለሁ ብለህ ግን አታስቀምጠኝ።»

ደጀን እጅ ነሥቶ ወጣ።