ሽማግሌዎቼና የሰባ ሰባቱ ረሃብ

ለሚስቴ ሽማግሌ የላክሁት በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ሰሞን፣ ሱሉልታ መንገድ በድንጋይ በተዘጋ ቀን ነው። ከዚህ የባሰ ቀን የመረጠ ሙሽራ ካለ ይምጣና ላቅፈው። ሦስቱ ሽማግሌዎች ወደ ልጅቷ ቤት ገቡ፤ እኔ አጥሩ ሥር የቆመች መኪና ውስጥ ተደብቄ ቀረሁ። ሦስቱም ጆሮአቸው ስለደከመ ይጮሃሉ፤ አንድ ቃል አላመለጠኝም።

ከሦስቱ ሥጋቴ አጎቴ ነበር። በደርግ ጊዜ ከገበሬ የእህል ኮታ ይሰበስብ ነበር። የልጅቷ አባት ደግሞ በሰባ ሰባቱ ረሃብ ወሎ ላይ ታናሽ ወንድማቸውን የቀበሩ ሰው ናቸው። አጎቴን ስለ ደርግ ትንፍሽ እንዳይል አስምዬው ነበር።

ገና ሳይቀመጡ ከአስፋልቱ የወጣቶች ጩኸት ተሰማ።

«ገበሬውን ሳይጠይቁ ካርታ ስለው ነው» አሉ አባትየው። «ደርግም እንዲሁ ሳይጠይቅ ፈጀን።»

«ኧረ እሱስ ዝናብ ጠፍቶ ነው!» አለ አጎቴ። መሐላው እዚያው ላይ ፈረሰ።

«የጎተራውን እህልስ ዝናብ ነው የወሰደው?»

አንደኛው ሽማግሌ የእግዜር ቁጣ ነው አለ፤ ሌላው ጦርነቱ ነው አለ። እኔን ያነሳ የለም! ሹፌሬ መንገዱን አይቶ ተመለሰና «ካራን ጩፋዳ! ዝግ ነው፤ ወደ አዲስ አበባም ወደ ጫንጮም አይኬድም» አለኝ። መሸሽም አልተቻለም።

ሽማግሌ ጥያቄው ሳይመለስለት አይቀምስም፤ ከቀመሰ ልጅቷ ተሰጠች ማለት ነው። ስለዚህ የዶሮ ወጡ ሽታ መኪናዬ ድረስ እየመጣ፣ እነሱ ከጠዋት ጀምሮ ባዶ ሆዳቸውን ስለ ረሃብ ይከራከራሉ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ድምፃቸው ሰለለ።

«እሺ፣ እኔም ሰብስቤያለሁ!» አለ አጎቴ በድንገት። «ኮታ ካልሞላህ ትታሰራለህ ተብዬ፣ የዘር እህል ሳይቀር ወስጃለሁ።»

አለቀልኝ አልሁ።

«ከአባቴም ጎተራ?» አሉ አባትየው።

«ወሎ አልደረስሁም። ብላክ ግን እወስድ ነበር።»

እናትየው ከጓዳ ወጡ። «ያኔ ያለቅነው እህል አጥተን ነው፤ ዛሬ ምን ሆናችሁ ነው? ልጄ እያለቀሰች ነው፣ የሚባለውን በሉ!»

አላስቻለኝም፤ ወጥቼ በአጥሩ ላይ አንገቴን አስግጌ በተከፈተው በር አየሁ። አባትየው እጃቸውን ታጥበው ትልቅ ጉርሻ ጠቀለሉ።

«እንኩ» አሉት አጎቴን። «ይኸ ኮታዎ ነው።»

አጎቴ አላምጦ ሳይጨርስ ማልቀስ ጀመረ። እሳቸው ግን «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብለው ሁለተኛውን ጠቀለሉለት።