የአያ እንድሪስ አውራ ጣት

ይህ የምጽፈው ነገር የደረሰው በ1931 ዓ.ም. ጥቅምት ወር፣ ኮምቦልቻ ላይ ነው። ዛሬ ደሴ ውስጥ አስተማሪ ነኝ። በየወሩ መጨረሻ ደመወዜን ስቀበል መዝገቡ ላይ እፈርማለሁ። ከእኔ ቀጥሎ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ተራው ይደርሳል፤ መጻፍ ስለማይችል አውራ ጣቱን ቀለም አስነክቶ ወረቀቱ ላይ ይጫናል። ያን ጊዜ ፊቴን አዞራለሁ። ባልደረቦቼ ምክንያቱን አያውቁም፤ ስለዚህ ነገሩን ከመጀመሪያው ላስረዳ።

በጦርነቱ ምክንያት የምማርበት ትምህርት ቤት ሲዘጋ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከዚያ ጥቂት ጣሊያንኛ ለመድሁና ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው መንገድ ሥራ ላይ በጸሐፊነት ተቀጠርኩ። ሥራዬ የሠራተኞቹን ስም መመዝገብ ነበር። በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ደግሞ ከጣሊያኑ ከፋይ ጠረጴዛ አጠገብ ቆሜ ስም እጠራለሁ፤ አስተረጉማለሁ።

አከፋፈሉ በፊት እንዲህ ነበር። የአንድ ሠራተኛ ስም ሲጠራ ወደ ጠረጴዛው ይቀርባል። አብረውት ከሚሠሩት ሁለቱ “እሱ ነው” ብለው ይመሰክራሉ። ከዚያ የወረቀቱን ገንዘብ ይቀበላል። ብዙዎቹ ከጠገራ ብር ሌላ አያምኑም ነበርና ወረቀቱን ወደ ፀሐይ አንሥተው አገላብጠው ያዩታል።

አንዳንዴ ግን የተጠራው ሰው ታሞ አገሩ ሄዷል። ሌላው በሱ ስም “አቤት” ይልለታል፤ ሁለቱ ይመሰክሩለታል፤ ገንዘቡን ተቀብሎ ለታመመው ቤቱ ድረስ ይወስድለታል። በእነሱ ዘንድ ይህ ደግነት እንጂ ሌብነት አልነበረም። ከፋዩ ግን ይህን ባወቀ ቀን ጠረጴዛውን በቡጢ መታ።

እኔ ሥርዓት ያለው ነገር እወዳለሁ። በሌላ አገር ሰው በጣት አሻራው እንደሚታወቅ አንድ መምህሬ ነግሮኝ ነበርና ይህንኑ ለከፋዩ አስረዳሁት። እያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ ካርድ ይኑረው፤ ካርዱ ላይ የቀኝ አውራ ጣቱ ይታተም፤ በክፍያ ቀን እንደገና ይጫንና ሁለቱ ይመሳከሩ አልሁት። ከፋዩ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ምስክር ቀረ፤ በዚያው ወር የእኔም ደመወዝ ተጨመረ።

ሠራተኞቹን ሰብስቤ ስለ ጣት መስመሮች ሳብራራ፣ ተበጀ የሚባለው የኩታበሩ ቀልደኛ አቋረጠኝ።

“እንግዲያስ ጣቴን ቆርጬ እዚህ ልተውልህና እኔ አገሬ ሄጄ ልተኛ፤ እሱ ይቀበልልኝ!”

ሁሉም ሳቁ። ያልሳቁት አያ እንድሪስ ብቻ ነበሩ። አያ እንድሪስ ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው፣ ከሐርቡ ወዲያ ካለው ቆላ የመጡ ሰው ናቸው። ከተበጀ ጋር ባንድ ጎጆ ያድራሉ።

“ልጄ፣ ተበጀ እኔን ማወቁ አይበቃም እንዴ?” አሉኝ።

“አያ እንድሪስ፣ ሰው ይዋሻል፤ ጣት አይዋሽም” አልኋቸው። ባነጋገሬም ኮራሁ። ለከፋዩ የነገርሁትም ይህንኑ ነበር።

ካርዶቹ የታተሙት ነሐሴ ላይ ነው። መስከረም ሲጠባ አያ እንድሪስ የድጋፍ ግንብ ወደሚሠራበት ቦታ ተዛወሩ። ሥራቸው ኖራና ስሚንቶ በባዶ እጅ ማቡካት፣ የተጠረበ ድንጋይ ማቀበል ነበር። እጃቸው ነጭ ሆኖ ተሰነጣጠቀ። ማታ ማታ ውሃ ውስጥ ነክረው ሲያቀዘቅዙት አይቼአለሁ። ኖራ ቆዳ እንደሚበላም አውቅ ነበር። ነገር ግን ያንን ከካርዱ ጋር አላገናኘሁትም።

በጥቅምት የመጀመሪያው ክፍያ ቅዳሜ፣ ስማቸው ሳይጠራ ቀድመው መጡና አጠገቤ ቆሙ። ሚስታቸው ዘይነባን ንዳድ ጥሏታል። ገንዘቡን እንደተቀበሉ ከአረቡ ሱቅ ኪኒን ገዝተው ሊገሰግሱ ነው። የእሳቸው ቀዬ ከኮምቦልቻ የአንድ ቀን መንገድ ነው።

ተጠሩ፤ ጣታቸውን ተጫኑ። በመስከረም ክፍያ ገጥሞ ነበር፤ ዛሬ ግን ወረቀቱ ላይ የወጣው ጥቁር ክብ ብቻ ነው። አንድም መስመር የለበትም። ከፋዩ በማጉያ መነጽር አየው፤ ካርዱን አየ፤ እንደገና አስጫናቸው። አምስት ጊዜ ተጫኑ። አምስቱም ልሙጥ ሆኑ።

“ይህ ሌላ ሰው ነው” አለ ከፋዩ።

ሳስተረጉምላቸው አያ እንድሪስ ሳቅ አሉ፤ ቀልድ መስሏቸው ነበር። ወዲያው ግን ፊታቸው ተለወጠ። “ወላሂ እኔ ነኝ! ልጄ፣ ንገረው እንጂ!”

ከኋላ ተበጀ ጮኸ። “አያ እንድሪስ ነው! ምነው፣ ዛሬ ከሰማይ የወረደ መሰላችሁ? ከሰኔ ጀምሮ ማንኮራፋቱን የምሰማ እኔ ነኝ፤ እኔን ጠይቁኝ!”

ሌሎቹም “እሱ ነው፣ እሱ ነው” አሉ። ከፋዩ ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ። “ሰው ይዋሻል ያልኸኝ አንተ አይደለህም?”

አውቃቸዋለሁ ማለት እችል ነበር። ስማቸውን የመዘገብሁት፣ ጣታቸውን ይዤ ካርዱ ላይ ያሳተምሁት እኔ ነኝ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። እኔ ግን ያወጣሁት ሥርዓት ገና ከጅምሩ እንዳይፈርስ ሰጋሁ። አቀርቅሬ የሚቀጥለውን ስም ጠራሁ።

ከፋዩ የወሰነው እንዲህ ነው። አሻራው ከካርዱ ጋር ሲገጥም ይከፈላቸዋል። ከሥራው ቦታ ከሄዱ ግን ስማቸው ይሰረዛል፤ የሠሩበትም ይቀራል።

ጓደኞቻቸው ከየኪሳቸው አዋጡ። በተዋጣው ገንዘብ ጥቂት ፍሬ ኪኒን ተገዛና ወደ ቆላ በሚወርድ ጨው ነጋዴ እጅ ተላከ። እኔስ ምን አደረግሁ? ደመወዜ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ጫማ ልገዛበት አስቤ ነበር። ለአያ እንድሪስ ስለ ቆዳ አስረዳኋቸው። ኖራ ካልነኩ፣ ቅቤም ከቀቡት፣ መስመሩ ከሥር ተመልሶ ይወጣል አልኋቸው። ከዚያ ገበያ ሄጄ ቅቤ ገዛሁላቸው። ሚስታቸው በቂ መድኃኒት ስታጣ፣ እኔ ለጣታቸው ቅቤ ገዛሁ። ያን ጊዜ ግን ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ከማግሥቱ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ወደ መሥሪያ ቤቴ ይመጣሉ። አውራ ጣታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው እንደ ሕፃን ይዘውታል።

“ልጄ፣ እስቲ እይልኝ፤ ዛሬስ መጣ?”

ጨርቁን ፈትቼ፣ ጣቱን አጥቤ፣ በየቀኑ አንድ አንድ ጊዜ በደብተሬ ላይ አሳትማለሁ። ከያንዳንዱ ሥር ቀኑን እጽፋለሁ። በአራተኛው ቀን ዳር ዳሩን እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ታየ። በአምስተኛው ቀን ጨው ነጋዴው ተመልሶ “ዘይነባ ተሽሏታል፤ እህልም ቀምሳለች” የሚል መልእክት አመጣ። አያ እንድሪስ “አልሐምዱሊላህ” ብለው መሬት ተቀመጡ። በዚያው ልሂድ ብለው ተነሥተው ነበር። እኔ ነኝ ያስቀረኋቸው። ጥቂት ቀን ቢታገሡ ገንዘቡንም ኪኒኑንም ይዘው እንደሚሄዱ አስረዳኋቸው፤ አመኑኝ።

በሰባተኛው ቀን መስመሮቹ ጎልተው ወጡ። በደስታ ተበጀን ጠርቼ አሳየሁት።

“ጸሐፊው፣ አንተስ ጣት ዘርተህ አበቀልህ!” አለኝ።

በዘጠነኛው ቀን ከፋዩ አመሳክሮ ከፈላቸው። አያ እንድሪስ ኪኒኑን ገዝተው እኩለ ቀን ሳይሆን ወጡ። ተበጀም ፈቃድ ጠይቆ ሸኛቸው።

በሦስተኛው ቀን ተበጀ ብቻውን ተመለሰ። የዚያን ዕለት አልቀለደም።

“ስንደርስ አፈሩ ገና እርጥብ ነው” አለኝ። “ንዳዱ ተመልሶ ተነሣባት። እኛ ከመድረሳችን ሦስት ቀን ቀድመው ቀብረዋታል። ለሱ ዘግይቶ የተላከው መርዶ ነጋሪ በሌላ መንገድ ወጥቶ ተላለፍን።”

ከዚያ ከብብቱ ያልተፈታ ጥቅልል አወጣ። ኪኒኑ ነበር።

“አያ እንድሪስ ይህን ለጸሐፊው ስጥልኝ፣ ንዳድ ለያዘው ሰው ይስጠው ብሎሃል። ስለ ቅቤውም አላህ ይስጥልኝ ብሎሃል።”

ሌላ ነገር አለማለታቸውን ደጋግሜ ጠየቅሁት። ሌላ አላሉም። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

ማታ ደብተሬን ገለጥሁና ቀኑን ቆጠርሁ። ዘይነባ የተቀበረችው በሰባተኛው ቀን ነበር፤ እኔ መስመሩ ወጣ ብዬ ተበጀን በጠራሁበት ቀን። ዘጠኙ አሻራዎች በተራ ተደርድረዋል፤ ከያንዳንዱ ሥር ቀኑ በጥሩ ጽሕፈት ተጽፏል። ደብተሩ ዛሬም አለኝ። አያ እንድሪስ ግን ወደ ሥራው አልተመለሱም፤ ከዚያ ወዲህም አላየኋቸውም።

ባለፈው ወር የትምህርት ቤታችን ግድግዳ ኖራ ተቀብቶ ነበር፤ የቀባውም ዘበኛው ነው። የደመወዝ ቀን ጣቱን ሲጫን አሻራው ተጨማለቀ። ገንዘብ ያዡ ቅር ሳይለው “አይ፣ አልወጣም፤ ድገመው” አለው። ፊቴን ላዞር ስል አልቻልሁም።

“አውቀዋለሁ! እሱ ነው!” ብዬ ጮኽሁ።

ገንዘብ ያዡ ብዕሩን አስቀምጦ በመገረም አየኝ።

“መምህር፣ አይደለም ያለ ሰው አለ እንዴ?”

ማንም አላለም። ዘበኛው ጣቱን በቁምጣው ጠርጎ እንደገና ተጫነ፤ ደመወዙን ተቀበለ፤ እግዜር ይስጥልኝ ብሎኝም ወጣ። እኔ ግን ቃሉን መናገር የነበረብኝ ለማንና የት እንደነበረ ስለማውቅ፣ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።