ስለ ወንድሜ አንጀት የተላክሁበት ሽምግልና

ዕድሜዬን በማስተማር ጨርሼ አሰላ ከተቀመጥሁ ወዲህ ምን እንደምሠራ ለሰው ዘርዝሬ አልተናገርሁም። በሰውነታችን ሕዋሳት ውስጥ ጫፍና ጫፉ ተጋጥሞ እንደ ቀለበት የሚዞር፣ ክብ አር ኤን ኤ የሚባል ነገር አለ። እኔ እርሱ ከትልቁ አንጀት ካንሰር ጋር ስላለው ግንኙነት ዓለም የሚያሳትመውን ጽሑፍ እየሰበሰብሁ ጥናቱ ወዴት እንደሚያመራ እመለከታለሁ። ተመራማሪዎቹ መጀመሪያ፣ ይህ ቀለበት ምን ይሠራል ይሉ ነበር። ቀጥሎ፣ ከደም ተገኝቶ በሽታውን አስቀድሞ ይጠቁም ይሆን አሉ። አሁን ደግሞ ዕጢው መድኃኒት የሚቋቋመው በእርሱ ሰበብ ይሆን እያሉ ይጠይቃሉ። አብዛኛው ጽሑፍ ከቻይና ይመጣል። እኔ አንዲት የደም ጠብታ እንኳ መርምሬ አላውቅም።

ሳጉሬ ያሉት ዘመዶቼ ከዚህ ሁሉ የያዙት «የአንጀት ካንሰር ያጠናል» የሚለውን ብቻ ነው። ስለዚህ ስንዴ አራሹ ታላቅ ወንድሜ በዚያው በሽታ ሲያዝ ሚስቱ ወደ እኔ መጣች። የአሰላው ሐኪም፣ ዕጢው ታች መቀመጫዎ አጠገብ ስለሆነ ከነአንጀቱ ጫፍ መቆረጥ አለበት፤ ከዚያ በኋላ ዓይነ ምድርዎ ዕድሜ ልክዎን በሆድዎ ጎን በሚከፈት ቀዳዳ ወደ ከረጢት ይወርዳል ብሎታል። ካልተቆረጠ እንደሚዛመትም አልደበቀውም። ወንድሜ እምቢ ብሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

«ሐኪሙን አልሰማም፤ አንተን ግን ያፍርሃል» አለችኝ። «እሺ ሳታሰኘው እንዳትመለስ።»

የእምቢታው ሥር የት እንዳለ ገምቼ ስለነበር የንስሐ አባቱን ይዤ ሄድሁ። ወንድሜ ቅዳሴ የማይቀርበት ሰው ነው፤ ከሰውነቱ የሚፈስ ነገር ያለበት ሰው ከደጅ ይቆማል ሲባል እየሰማ አድጓል። ስንደርስ ቆሞ ጠበቀን፤ መቀመጥ ያመዋል።

«ልጄ፣ ደዌ ኃጢአት አይደለም» አሉት ቄሱ። «ከረጢትህን ይዘህ ግባ። ይህን የምልህ እኔ ነኝ።»

«እርስዎስ ይፈቅዳሉ፣ አባ። ከፊቴ የቆመው ሰው ግን ሸተተኝ ብሎ ሲዞር የሚያየው እኔን ነው።»

ከረጢቱ በሚገባ ከተያዘ እንደማይሸት፣ ብዙ ሰው ይዞት እንደሚኖር በተራዬ አስረዳሁ። ወንድሜ እስክጨርስ ድረስ በትዕግሥት ሰማኝ።

«አንተ የምታጠናው ይኸንኑ በሽታ አይደል?»

«እሱኑ ነው፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ያ ክቡ ነገርህ ያለ ከረጢት ያድነኛል?»

«ገና ነው። ወደፊት በሽታውን ቀድሞ ለማወቅ ይረዳ ይሆናል ይላሉ።»

«ቀድሞ» አለና ፈገግ አለ። «አንተ እኮ የሰው አዝመራ ዞረህ የምታይ ነህ እንጂ አራሽ አይደለህም። ዘንድሮ ዲክሲስ ደህና ይዟል፣ ኢተያን ዋግ መታው ትለኛለህ። እንጀራውን ከማን ልጠይቅ?»

ቄሱ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እኔም ሳቅሁ።

«ይልቅ አንድ ነገር አድርግልኝ» አለ ወንድሜ። «ሐኪሙ ከሩቅ አገር ተመድቦ የመጣ ልጅ ነው፤ እኔ ብነግረው ያዝንብኛል። አንተ በሚገባው ቋንቋ እምቢ ማለቴን አድርስልኝ።»

እሺ ሊያሰኝ የተላከ ሽማግሌ እምቢታ ተሸክሞ አሰላ ገባ። ወንድሜም አብሮኝ መጣ፤ ወደ ሐኪሙ ክፍል ግን ብቻዬን ገባሁ።

«እርስዎ እያሉ ወንድምዎ እንዴት እምቢ ይላሉ?» አለኝ ሐኪሙ። «ጥናቱን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል።»

«አውቀዋለሁ» አልሁ።

«ሐሳባቸውን ከለወጡ ግን አይዘግዩ። ይህ የሚታገሥ ዕጢ አይደለም።»

ወንድሜ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ነበር።

«ነገርኸው?»

«ነገርሁት።»

«ተቆጣ?»

«አልተቆጣም። አይዘግዩ ነው ያለው።»

«ጨዋ ልጅ ነው» አለ፤ ወደ መናኸሪያ ሄድን።

በሳጉሬው ሚኒባስ ውስጥ ቆሞ ሊሄድ ሲል ረዳቱ «አባባ፣ ቆሞ መሄድ የለም» አለው። ወንድሜ የፊቱን ወንበር በሁለት እጁ ጨብጦ ሰውነቱን ቀስ እያደረገ አወረደ። ፊቱን እንዳላይበት ወደ ማዶው መስኮት ዞረ። እኔ ውጭ እንደቆምሁ ሚስቱ ደወለች።

«እሺ አለህ?»

«እየመጣ ነው» አልኋት።