ከአጥር ውጭ የሰማሁት ሳል

በጣሊያን ጊዜ ሸዋ ሮቢት በነበረችው ትንሽ ሐኪም ቤት አስታማሚ ሆኜ ሠራሁ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ቁስል ማጠብና ኪኒን መስጠት ያስተማረኝ ጣሊያኑ ሐኪም ነው። እሱ በየመንደሩ ሲዞር ይውላል። እኔ የምበላውም የምተኛውም ከመድኃኒቱ ክፍል ጎን ስለነበር ቀንም ሌትም ተረኛዋ እኔው ነበርኩ። ሥራውን እወደው ነበር። የሚከብደኝ ሰው ማነጋገር ብቻ ነው፤ በሽተኛው ራሱ ገብቶ ካልተናገረ ቀድሜ አፌን አልከፍትም።

አንድ ቀን ፀሐይ አናት ስትበሳ፣ ሐኪሙ ካራቆሬ ሄዶ ሳለ፣ ከአጥሩ ውጭ ሰው አሳለ። በቀዳዳ ሳይ ሽርጥ ያሸረጡ አዛውንት ናቸው። ይገባሉ ብዬ ጠበቅሁ። አሁንም አሳሉ። ደረታቸውን ያመማቸው መስሎኝ የሳል መድኃኒት በብርጭቆ ቀድቼ ተቀመጥኩ። ሳሉ በረታ እንጂ አልቀረበም። በመጨረሻ ብርጭቆዬን ይዤ፣ አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

«ይጠጡት፣ አባቴ።»

«ምኑን?»

«ለሳልዎ ነው።»

«ያ አላህ! እኔ ምን ሆንኩና? ሴት ብቻዋን ካለችበት ቤት ዘው ይባላል? ውጪልኝ ብዬ ነው የማስለው። የታመመችው እሷ ናት!»

ከመንገዱ ዳር ባለው የኩርኩራ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ከተንበረከከው ግመላቸው አጠገብ፣ ሚስታቸው በጋቢ ተጠቅልላ ትንቀጠቀጣለች። ወባ ነው። ብዙ ወባ አይቻለሁ፤ እንዲህ ዓይኑ የሚንከራተት በሽተኛ ግን አላየሁም። በእኔ ዓይን አፋርነት ልትሞት ነው ብዬ ብርጭቆውን ጥዬ ወደ እሷ ሮጥኩ።

ደግፈን አስገባናት። የመጀመሪያውን ኪኒን አስመለሰችው። ሁለተኛውን በጥቂት በጥቂት ውሃ አስዋጥኳት፤ እንዳትተኛብኝ ግንባሯን በእርጥብ ጨርቅ እያበስኩ ያለ ማቋረጥ አወራኋት። ያን ያህል ማውራት እንደምችል አላውቅም ነበር። ባሏ በረንዳው ላይ ዱዓ ያደርጋሉ። ለከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት አዛን ሲባል ላቧ ወረደ፤ ዓይኗም ረጋ።

«ወይ ጉድ!» አለች በደከመ ድምፅ፤ «አንቺ ታፍሪያለሽ፣ እሱ ያስላል፣ እኔ መሀል ላይ ልቀር!»

ከበረንዳው አንድ ሳል መለሰላት። ሳቅን።

የቀሩትን ኪኒኖች ጨርሳ ሳምንት ሳይሞላ፣ የማሽላ እሸት ተሸክማ በእግሯ መጣች። ገና ከመንገዱ ማዶ «አንቺ ልጅ! እኔ አላስልም፣ እጮሃለሁ!» አለች።

ከዚያ ወዲህ ከአጥር ውጭ ሳል በሰማሁ ቁጥር ብድግ እላለሁ። አንዳንዱ አቧራ የዋጠ ባለግመል መንገደኛ ሆኖ ይገኛል። ግድ የለም፤ «እንደምን ዋልክ» ብዬ፣ ውሃ ሰጥቼው እመለሳለሁ።