«አረቄ ነው» አሉ

ታክ ኦክሬ ስትናደድ አትጮኽም፤ ድምጿ ዝቅ ይላል። በሺሁንግ የኢንዱስትሪ መንደር፣ የአየር ማቀዝቀዣ ቱቦ በምንሠራበት ፋብሪካ፣ የሥራ ደህንነት ኃላፊ ነበረች። ኃላፊ ይበሏት እንጂ በሥሯ አንድም ሰው አልነበራትም። ቢሮዋም እኔ ከምሠራበት ማሸጊያ ክፍል ጥግ ላይ በኮምፖንሳቶ የተከለለች ጠባብ ቦታ ነበረች።

አባቷ ዕድሜውን ሙሉ ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ቆዳ ሲያቀልም ኖሮ በፊኛ ካንሰር ሞተ። በለቅሶው ላይ የፋብሪካው ሰዎች «ሲጋራው ነው የገደለው» እያሉ አወሩ። ሰውዬው ሲጋራ በአፉ ዞሮ አያውቅም። «ቁጭ ብዬ ሰማኋቸው፣ ጋሼ ማ» አለችኝ አንድ ቀን ሾርባችንን እየበላን። «የዚያን ዕለት መልስ የምሰጥበት እውቀት አልነበረኝም። ስለ መርዝ የተማርኩት ለዚያ ነው።»

በፋብሪካችን ቱቦው ከመታሸጉ በፊት ገንዳ ውስጥ ተነክሮ ቅባቱ ይለቅቃል። ዳይሬክተራችን አቶ ኩክ አንድ የጸደይ ወቅት ላይ የቆየውን ማጽጃ አስቀርቶ ርካሹን አስመጣ። በሰማያዊ በርሜል የመጣው ፈሳሽ ሽታው ከረሜላ ከረሜላ ይላል። ገንዳው ላይ የሚሠሩት አጣቢዎች ወደዱት፤ የበፊቱ አፍንጫ ይቆርጥ ነበር።

ኦክሬ ግን ሄዳ «ምንድን ነው በርሜሉ ውስጥ ያለው?» አለችው።

«ሻጩ ጉዳት የለውም ብሏል።»

«ሻጩ ሌላ ምን እንዲል ፈልገው ነበር? በገንዳው ላይ ያለው የአየር መሳቢያ ካቆመ ቆይቷል። እሱ ይጠገን።»

«በሚመጣው ዓመት እናያለን፣ ወይዘሮ ታክ። ማስክ ሰጥተናቸው የለ?»

የሰጧቸው የአቧራ ማስክ ነው።

ከአጣቢዎቹ አንዷ ፕዮን ጊልጃ ነበረች። ባሏ የሞተባት፣ በቤተ ክርስቲያኗ የተከበረች፣ ምላሷ ግን ምላጭ የሆነች ሴት ናት። እኔን ጠዋት ጠዋት ሳትነካ አታልፍም። «ጋሼ ማ፣ ዛሬም ከጠርሙሱ ጋር ተቃቅፈህ ነው ያደርከው?» ትለኛለች። እኔም ሶጁ የሚባለውን የአገራችንን አረቄ እንደምወድ ደብቄ አላውቅም።

በጋው ሲገባ ጊልጃ መቀለዷን ተወች። ምግብ አስጠላት፤ ሰውነቷን ያሳክካት ጀመር። አንድ ቀን ምሳ ላይ ቀና ስትል ዓይኗ ቢጫ ሆኖ አየሁት። ሳይቆይ ከአጠገቧ የሚሠሩት ሁለቱም እንደዚያው ሆኑ። ሐኪሙ «ጉበት ነው፤ መጠጥ ትወስዳላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። አቶ ኩክ የፈለገው ይህን ነበር። ሁላችንንም ምግብ አዳራሽ ሰበሰበን።

«ከሥራ በኋላ የምታደርጉት የራሳችሁ ጉዳይ ነው» አለ። «ግን አረቄ እየጠጣችሁ ጉበታችሁን አበላሽታችሁ የድርጅቱን ስም አታጥፉ።»

ጊልጃ ከፊቱ ተቀምጣለች። ፊቷ የበሰለ ዱባ መስሏል። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ አንገቷን ደፋች። እንደዚያ ሆና አይቻት አላውቅም፤ ደሜ ፈላ።

ያኔ ኦክሬ ተነሳች። «ጋሼ ማ፣ እስቲ ቁም» አለች። ቆምኩ።

«በቀን ምን ያህል ትጠጣለህ?»

«እንደ ቀኑ ነው» አልኩ። ሰው ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም።

«ዓይንህን ለዳይሬክተሩ አሳያቸው።» ዞርኩለት። «ይመልከቱት፣ ነጭ ነው። እዚህ ቤት ከዚህ ሰው በላይ የሚጠጣ የለም፤ ሥራው ግን ማሸጊያ ነው። ጊልጃ መጠጥ ቀምሳ አታውቅም፤ የምትውለው ገንዳው ላይ ነው። የታመሙት ሦስቱም ገንዳው ላይ ናቸው። አረቄው አጣቢ ብቻ መርጦ ነው እንዴ የሚይዘው?»

አቶ ኩክ ፊቱ ቀላ። «የሚተነፍሱት እኮ ጥቂት ነው። ጥቂት ነገር ማንን ይገድላል?»

«ጥቂቱ በየቀኑ ነው። ጉበታቸው የትናንቱን ሳይጨርስ የዛሬው ይጨመርበታል። በአፍንጫ ብቻም አይደለም፤ ያ የጨርቅ ጓንት ፈሳሹን መጥጦ ቆዳቸው ላይ ይዞት ይውላል። ማስኩ አቧራ ነው የሚይዘው፤ ትነቱ አልፎት ይገባል። ይህን ሁሉ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነግሬዎታለሁ።»

«እርስዎ ሐኪም አይደሉም፣ ወይዘሮ ታክ።»

«አይደለሁም» አለችና ወጣች።

በቀጥታ ወደ ማጠቢያው ሄዳ ዋናውን ማጥፊያ ወደ ታች ሳበችው። የሥራው መስመር ቀጥ አለ። ጀርባዋን ማጥፊያው ላይ አስደግፋ ቆመች። አቶ ኩክ ተከትሏት ሲገባ እኛም ከኋላው ተግተልትለን ገባን።

«ገለል በይ!» አላት። «እርስዎ» ማለቱን እዚያው ተወው።

«እሺ፣ ገለል እላለሁ። እርስዎ ኮትዎን አውልቀው የጊልጃ ቦታ ላይ ይቁሙ። እስከ ምሳ እረፍት ብቻ።»

ገንዳውን አየው። እኛን አየን። ከዚያ ከኪሱ መሐረብ አውጥቶ አፍንጫውን ያዘና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

 አጣቢዎቹ አንድ በአንድ ጓንታቸውን እያወለቁ መሬት ላይ ጣሉ። እኔም ወጣሁ። በዚያ ቀን ማንም አልሠራም።

ኦክሬ ከበርሜሉ በጠርሙስ ቀድታ አስመረመረች፤ አብዛኛው ጉበት የሚመርዘው ክሎሮፎርም ሆኖ ተገኘ። የሠራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪዎች ሊመጡ መሆኑ ሲሰማ አለቆቹ በርና መስኮቱን ሁሉ ከፍተው፣ ገንዳውን ከድነው ጠበቁ፤ አየሩም ንጹሕ ነው ተባለ። ኦክሬ እንደገና ሳይነግሩ እንዲመጡ እስኪፈቅዱ ድረስ ከተቆጣጣሪዎቹ ቢሮ አልወጣችም። ሁለተኛ ሲመጡ የመለኪያው ውጤት ጉድ አወጣ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው እስካሁን የሚያቃጥለኝ። አቶ ኩክ ፍርድ ቤት ቆሞ «ደህንነቱን የምትከታተል ባለሙያ ቀጥሬ ነበር፤ አላስጠነቀቀችኝም» አለ። ኦክሬ እንደ ተከሳሽ ተጠራች። ጊልጃ በሰው ተደግፋ መጥታ በአዳራሹ የሰማችውንና በማጠቢያው ያየችውን ሁሉ ባትመሰክርላት ኖሮ እሷ ነበረች የምትታሰረው። ለሰውዬው እስራቱ በገደብ ሆነለት፤ የዚያኑ ዕለት ከልጆቹ ጋር ቤቱ እራቱን በላ። ኦክሬን «የሥራ መደቡ ታጥፏል» ብለው አሰናበቷት። ሁለቱ አጣቢዎች አገገሙ። የጊልጃ ጉበት ግን አልተመለሰም፤ ደረጃ መውጣት ያቅታታል፤ የቤተ ክርስቲያኗን የመዘምራን ቡድንም ተወች። ሆስፒታል ሳለች አቶ ኩክ የላከላትን የእንኮይ ካርቶን ነርሷ ፊት መልሳ አስወጣችው።

ኦክሬ አሁን አዳዲስ የደህንነት ባለሙያዎችን ታስተምራለች። ዘንድሮ የአቶ ኩክ አማች ከእኛ ሁለት መንገድ ወዲያ የብረት ዕቃ ማጠቢያ ድርጅት ከፈተ። ሰማያዊ በርሜሎች ግቢው ውስጥ ተደርድረዋል። ባለፈው ሳምንት ከእሷ ጋር አብሬ ሄድኩ፤ ዘበኛው ከሩቅ ለይቷታል።

«ዛሬም መጡ፣ እትዬ?»

«መጣሁ። የአየር መሳቢያው ተገጠመ?»

«እኔ ምኑን አውቄ።»

«እንግዲያው የሚያውቀውን ጥራልኝ» አለችና በሩ ላይ ቆመች።