ባዶውን የማይመለስ ሳህን

የልጅ ልጆቼ «እምዬ፣ ትንንሽ ሳለን ምን ነበር የምታበዪን? ንገሪን» ብለው ያዙኝ። እሺ፣ ልንገራችሁ። ፊደል ስላልቆጠርኩ እኔ አወራለሁ፣ ትልቋ ትጽፋለች።

ፌርፋክስ መንገድ ላይ፣ ከሐበሻ ሱቆቹ ጀርባ ካለው አፓርትመንት ነበር የምንኖረው። እናታችሁ ሆሊውድ ፓርኪንግ ትሠራለች፤ ስትመጣ እግሯ አብጦ ነው። ታዲያ የትንሿ ደም አነሰና ሐኪሙ «ሥጋ፣ ምስር፣ አረንጓዴ ቅጠል አብሏት» አለን። ሥጋው ከየት ይምጣ? ምስሩን ቻልነው። ቅጠሉን ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሚቆመው የአትክልት ገበያ አገኘሁት። ፈረንጆቹ ቀይ ስር ሲገዙ ቅጠሉን አስቆርጠው ይተዉታል፤ ሻጩም ሳጥን ውስጥ ይጥለዋል። በእጄ ምልክት ጠየቅሁት፣ ራሱን ነቅንቆ ፈቀደልኝ። ከዚያ በኋላ ገበያው ሊበተን ሲል እየሄድኩ፣ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ፣ ሳጥኑን ጠርጌ እወስዳለሁ። እኛ ዘንድ እኮ ያ ቅጠል የበግ ቀለብ ነው። በነጭ ሽንኩርት አቁላልቼ ከምስር ጋር ስሠራው ግን ትንሿ ጣቷን ትልስ ነበር።

ታዲያ አንድ በዓል ላይ ጎረቤታችን፣ አሮጊት የምታስታምም ሴት ናት፣ በጎድጓዳ ሳህን የበግ ወጥ ላከችልን። እናንተ ተሻማችሁበት። እኔ ሳህኑን አጥቤ ጭንቅ ያዘኝ። የሰው ሳህን ባዶውን አይመለስም። ምን ጨምሬበት ልስጣት? ከዚያ ቅጠል በቀር ቤቴ ምን አለ? ሳህኑ ቁም ሣጥኑ ላይ ተቀመጠ፤ እኔም እንዳታገኘኝ በጓሮ ደረጃ መውጣት መግባት ጀመርኩ። እናታችሁ «እማዬ፣ ኧረ መልሺላት፤ ሌባ ልንባል ነው» እያለች ትስቅብኛለች። እኔን ግን አላሳቀኝም።

በመጨረሻ ሴትዮዋ ራሷ በራችንን አንኳኳች።

«እትዬ፣ ጠፉብኝ። ተቀየሙኝ እንዴ?»

«ኧረ በምን ልቀየምሽ፣ ልጄ» አልኩና፣ ምን ላድርግ፣ ምድጃ ላይ ከነበረው ቅጠል ሳህኗን ሞልቼ፣ ከድኜ ሰጠኋት።

«ምንድን ነው?»

«ጎመን ነው» አልኳት።

ክዳኑን ገለጥ አድርጋ አየችው። የጎመን መረቅ መቼም ቀይ አይሆንም።

«ጎመንዎ ያምራል፣ እትዬ። እጅዎ ይባረክ» አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ስነካካ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ነገር ትንፍሽ አላለችም። የትንሿም ደም ቀስ በቀስ ተመለሰ። ስንቱ ዓመት ካለፈ በኋላ ካልቨር ሲቲ ለልጇ ሠርግ ጠራችን። አጠገቧ አስቀምጣኝ ስናወጋ «ያ ጎመኔ ጎመን አልነበረም» አልኳት፣ ይውጣልኝ ብዬ።

«አውቃለሁ» አለችኝ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋም ነገረችኝ። ከእኔ በፊት ከዚያ ሳጥን ቅጠሉን የምትለቅመው እሷ ነበረች። አንድ ቅዳሜ ተከናንቤ ስመጣ ከሩቅ አይታኝ፣ እንዳላፍር ብላ ከዚያ ቀን ጀምሮ መሄዱን ተወችው።