የመምህር ኤርካሎ ቫልቭ ከየትኛው እንስሳ ነው

መምህር ኤርካሎ ሶዶ ከተማ ውስጥ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሒሳብ አስተምረዋል፤ የሰፈሩ ሰው ግን የሚያከብራቸው በቅርጫ ነው። ለወላይታ ዘመን መለወጫ ለጊፋታ በጋራ የሚታረደውን በሬ አሥራ ስድስት ቦታ የሚመድቡት እሳቸው ናቸው። በእንሰት ቅጠል ላይ ከሽንጡም፣ ከሻኛውም፣ ከጉበቱም አስተካክለው ሲደረድሩ፣ ዕጣ ወጥቶ አንድም ሰው የጎረቤቱን መደብ በክፉ ዓይን አያይም። ሁሉም ነገር አንድ ለአምስት ይደራጅ በነበረበት በዚያ ዘመን እንኳ እንዲህ ያለ ስምምነት በየትኛውም ስብሰባ አልታየም።

ይህ ደስ የማይለው ሻንቆ ብቻ ነበር። ሻንቆ የወፍጮ ቤት ባለቤት ነው፤ የሥጋ ቢላዋ ከገዛ ስድስት ዓመት ቢሆነውም ከመሳያ ድንጋዩ በቀር ምንም አልነካበትም። "ቲቸር ደክመዋል፤ ቢያርፉ ጥሩ ነው" ይላል፣ ያዘነ መስሎ።

የ2007 ጊፋታ ሻንቆን ሊክሰው ምንም አልቀረውም ነበር። መምህር ሽንጡ ላይ ሲደርሱ ትንፋሽ አጠራቸው፤ ዓይናቸው ጨለመና ቅጠሉ ላይ ተዘረሩ። የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴው ተድላ "ዕጣ ሳይወጣ መደብ የያዙ እሳቸው ብቻ ናቸው" እያለ ዓመቱን ሙሉ ሲያወራው ከረመ።

አዲስ አበባ ያለው ሐኪም ከልብ ወደ ሰውነት ደም የሚያሳልፈው በር ጠጥሮ መከፈት እንዳቃተው ነገራቸው። በሰባ ስድስት ዓመታቸው፣ በዚያ በደከመ ሳንባ ደረት መክፈት አይሞከርም አለ። ፋርማሲስት የሆነችው ልጃቸው ኢየሩሳሌም ከወንድሞቿ ጋር መከረችና በግንቦት ወር ህንድ ድረስ ወሰደቻቸው። እዚያ ያለው ዶክተር ነገሩን በቁጥር አስረዳ፤ ኢየሩሳሌም ተረጎመች። በሩ ካልተቀየረ ከሁለት ሰው አንዱ ዓመት አይሞላም። ከብሽሽት በሚገባ ቀጭን ቱቦ አዲስ በር፣ ቫልቭ የሚሉት፣ ቢተከል፣ በእሳቸው ሁኔታ ካሉት ከአራቱ ሦስቱ ዓመቱን ተሻግረው ይኖራሉ። ጥቂቶቹን ግን እዚያው ስትሮክ ይመታቸዋል፤ ለአንዳንዱም የልብ ምት የሚያስተካክል ባትሪ ይጨመርለታል።

"ሦስት አራተኛ ከግማሽ ይበልጣል" አሉ መምህር። "ዕጣውን የሚያወጣው ማነው?"

ዶክተሩ ሲተረጎምለት ሳቀ። በሩ በተተከለ በሳምንቱ መምህር የሆስፒታሉን ደረጃ በእግራቸው ወረዱ።

ሶዶ ሲመለሱ ቤቱ በጠያቂ ተጨናነቀ። ሰው ሁሉ የደረታቸውን ጠባሳ ሊያይ ነው የመጣው፤ ጠባሳ የለም። "ታዲያ በየት ገባ?" ሲባሉ መምህር ወደ ብሽሽታቸው ይጠቁማሉ፤ የጸሎት ቤት እናቶችም ወዲያው ጣሪያውን ማየት ይጀምራሉ። ሻንቆ ግን ሌላ ጥያቄ ይዞ ነበር የመጣው። "በሩ ከምንድን ነው የተሠራው?"

"ከእንስሳ ነው አሉኝ።"

"የእህቴ ልጅ በስልኩ ላይ አንብቦ ነበር" አለ ሻንቆ ወደ መሬት እያየ። "ከአሳማ ነው አለ።"

ወሬው ምሳ ሳይደርስ ከሰፈሩ አልፎ የሶዶው አራዳ ደረሰ። የወንጌል አማኙም ኦርቶዶክሱም በብዙ ነገር ይለያያሉ፤ በአሳማ ጉዳይ ግን አንድ ናቸው። የቅርጫው ሰብሳቢ ጋሽ ገብረማርያም፣ ጡረታ የወጡ የቀበሌ ሹም፣ አባላቱን ጠርተው ወሰኑ። "ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ ምደባው በተጠባባቂነት በሻንቆ እንዲከናወን።"

መምህር አፈሩ። በሰው ፊት ከመውደቃቸው ይልቅ ይሄኛው አሳፈራቸው። ከሆስፒታል የተሰጣቸውን የቫልቭ መታወቂያ ካርድ ደጋግመው አገላበጡ፤ ቁጥር አለው፣ የእንስሳ ስም የለውም። ልጃቸው ጋ ደወሉ። "አባዬ፣ የአሳማም የበሬም አለ፤ ያንተን እዚያው ጠይቄ እነግርሃለሁ" አለቻቸው። መልሱ ሳይመጣ ሳምንታት አለፉ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ አስካለች ግን አልተጨነቁም። "የጅብም ይሁን" አሉ፣ "ህንድ ሳትሄድ ከመኝታ ቤት ሽንት ቤት ለመድረስ ሦስት ጊዜ ትቀመጥ ነበር፤ አሁን ገበያ ደርሰህ እየተጨቃጨቅህ ትመለሳለህ።"

የመስከረም 2008 ጊፋታ ደረሰ። በሬው ተጥሎ፣ ተገፎ፣ ቅጠሉ ተነጥፏል። ሻንቆ አዲሱን ቢላዋ ይዞ ሽንጡን ከየት እንደሚጀምር ግራ ገብቶት ይዞራል። መምህር ከአጥሩ ሥር በወንበር ተቀምጠው ሲያዩት እጃቸውን በላቸው። ያኔ ስልካቸው ጮኸ፤ ኢየሩሳሌም ነበረች። አዳመጡና ስልኩን ለጋሽ ገብረማርያም ሰጡ።

ጋሽ ገብረማርያም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ተጣርቷል። የበሬ ነው። ከልብ መሸፈኛው፣ ከዚያ ስስ ነጭ ሽፋን የተሠራ።"

"እንግዲያው ዘንድሮ ግማሽ መደብ ይበቃቸዋል" አለ ተድላ፣ "የቀረው ውስጣቸው አለ።"

ሻንቆ ቢላዋውን ሲያስረክብ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ፊቱ ላይ እፎይታ ይታይ ነበር። መምህርም ሸሚዛቸውን ጠቅልለው ገቡበት። የዚያን ቀን ሥጋውን ያየ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም የሚያየው የእሳቸውን ትንፋሽ ነበር። አንደኛው ቅጠል፣ አራተኛው፣ ዘጠነኛው አለፈ። ወንበር ሁለት ጊዜ ቀረበላቸው፤ ሁለቴም በእግራቸው ገፉት።

መጨረሻ ላይ የበሬው ልብ ቀረ። ሽፋኑን በቢላዋ ጫፍ ገፈፉና እንደ ልማዳቸው ሳያዩ ወደ ግራ ሊወረውሩት እጃቸውን አነሱ። የሰፈሩ ውሻ ቦቢ ለዓመታት ድርሻው እሱ ነበርና አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ሽፋኑን ወደ ብርሃን አድርገው ተመለከቱት፤ የእንቁላል ውስጠኛ ቅርፊት ይመስላል። ሌላው እጃቸው ሳያዙት ደረታቸው ላይ አረፈ።

"ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስጥለው ኖርኩ" አሉ በዝግታ።

ከራሳቸው መደብ ላይ የጎድን ሥጋ ቆርጠው ለቦቢ ጣሉለት። ሽፋኑን በቅጠል ጠቅልለው የሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ፣ ከመታወቂያ ካርዱ ጋር ከተቱት።

"ቲቸር፣ እሱን ምን ሊያደርጉት ነው?" አለ ሻንቆ።

"መለዋወጫ ነው" አሉና ዕጣ እንዲወጣ አዘዙ።